የአምቡላንስ ሄሊኮፕተርን ለበረራ ብቁ አድርጎ በማቆየት ሥራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአምቡላንስ ሄሊኮፕተር ጠዋት «ዝግጁ» ተብሎ ከተመዘገበ፣ ጥሪ ሲመጣ አብራሪው በደቂቃዎች ውስጥ ይነሣል። ስለ ጥገናው መጠየቅ ያለበት ሁሉ ከዚያ በፊት መጠየቅ አለበት። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከስንፍና የሚመጡ አይደሉም፤ ሰው ለማዳን ከመቸኮል ነው።

ሰዓት ብቻ መቁጠር

አንድ ሕመምተኛ ለማምጣት ሄሊኮፕተሩ ወደ አደጋው ቦታ፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ጣቢያው ይበራል። ጠቅላላ በረራው አንድ ሰዓት ላይሞላ ይችላል፤ ማረፉ ግን ሦስት ጊዜ ነው፣ ሞተሩም በየመካከሉ ጠፍቶ ሊነሣ ይችላል። የሞተሩ ተሽከርካሪ ዲስኮች ዕድሜ የሚለካው በእነዚህ የመነሣትና የመጥፋት ዑደቶች ነው። አንዳንዱ አምራች ሞተሩ ሳይጠፋ ፍጥነቱ ወርዶ ሲመለስ እንኳ የዑደት ክፋይ ያስቆጥራል። የዑደቶቹና የማረፉ ቁጥር በማግስቱ በግምት የሚሞላ ከሆነ የዲስኩን እውነተኛ ዕድሜ የሚያውቅ ሰው የለም። የእሳት ማጥፊያ ጠርሙስና መሰል ዕቃዎች ደግሞ ሄሊኮፕተሩ ቆሞም ቀናቸው ይሄዳል።

የሕክምና ዕቃውን ለሐኪሞች መተው

ከሄሊኮፕተሩ አካል ጋር የታሰረው አልጋና የኦክስጅን ማስቀመጫ የሄሊኮፕተሩ ክፍል ናቸው። የተለወጠ የልብ መቆጣጠሪያ ክብደቱን፣ ሚዛኑን፣ አንዳንዴም የሬዲዮዎቹን አሠራር ይነካል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን ወለሉ ነው፦ ደምና የጨው ፈሳሽ በስንጥቁ ገብቶ ከሥር ያለውን አሉሚኒየም ይበላዋል። ወለሉን ካላነሡት አይታይም።

ትንሿን ምልክት በስልክ መዝጋት

እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን 2009 በስኮትላንድ፣ የነዳጅ ሠራተኞችን የሚያመላልስ አንድ ሱፐር ፑማ ሄሊኮፕተር ዋና ማርሽ ሳጥን ውስጥ በማግኔት የተያዘች የብረት ቅንጣት ተገኘች። አንቀሳቃሹ ድርጅትና አምራቹ በስልክና በኢሜይል ተነጋገሩ፤ ግን በትክክል አልተግባቡም፤ ቅንጣቷ እየተሰነጠቀ ካለ ማርሽ የመጣች መሆኗ ሳይታወቅ ቀረ። ሚያዝያ 1 ቀን ማርሽ ሳጥኑ በአየር ላይ ተሰባብሮ 16 ሰዎች ሞቱ። ቅንጣት ሲገኝ ውሳኔው በጽሑፍ ይሁን፦ ምን ተገኘ፣ ማን መረመረው፣ ቀጥሎ የሚከፈተው የትኛው ክፍል ነው።

በደከመ ዓይን መፈተሽ

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 2011 በላስ ቬጋስ አቅራቢያ የወደቀው የጎብኚዎች ሄሊኮፕተር አምስት ሰው ገድሏል። መርማሪዎች ያገኙት ያረጀ ራሱን የሚቆልፍ ነት እንደገና መገጠሙን፣ መቆለፊያ ፒኑም በትክክል አለመግባቱን ወይም ጨርሶ አለመኖሩን ነው። ሠሪውም ፈታሹም ደክመው ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ሥራ ላይ የፈሰሰው አይለቀምም። የመሪ መስመር (አብራሪው ሄሊኮፕተሩን የሚመራባቸው ዘንጎችና ማያያዣዎች) ሲነካ ሁለተኛው ፈታሽ ከእንቅልፉ የተነሣ እንጂ ሌሊቱን አብሮ የሠራ መሆን የለበትም።

የተላለፈን ጉድለት እንደ ተፈቀደ መቁጠር

በብዙ አገሮች ሥርዓት የአንዳንድ ጉድለት ጥገና እንደ ምድቡ ለ3፣ ለ10 ወይም ለ120 ቀናት ሊተላለፍ ይችላል። ይህ ጣሪያ ነው፤ የጥገና ቀጠሮ አይደለም። ደግሞም የማረፊያ መብራት ለቀን በረራ ባይሠራ ሊፈቀድ ይችላል፤ አምቡላንስ ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይም ይጠራል። ሁለት ለየብቻ የተፈቀዱ ጉድለቶች አንድ ላይ ምን እንደሚያደርጉም የሚተላለፉ ጉድለቶች ዝርዝር ላይነግርዎት ይችላል።

ከቆመው ሄሊኮፕተር ዕቃ ነቅሎ ለሌላው መግጠም በራሱ ስህተት አይደለም። ስህተቱ የዕቃው መዝገብ አብሮት አለመሄዱ ነው።

የሕመምተኛውን ሁኔታ ማወቅ

በብዙ አገልግሎቶች ውሳኔው እንዳይዛባ የሕመምተኛው ሁኔታ ለአብራሪው አይነገርም። ለበረራ ብቁነት ኃላፊውም ሊነገር አይገባም ባይ ነኝ። ስልኩ ደውሎ «ሕፃን ነው» ከተባለ በኋላ ያልተዘጋውን የጥገና ሥራ ካርድ ማንም በተረጋጋ ዓይን አያነበውም። ስልኩን የሚያነሣው ሌላ ሰው ይሁን፤ ካርዱ ከተዘጋ «ዝግጁ»፣ ካልተዘጋ «አይደለም» ብሎ ይመልስ።