ኢምፕሎየር እና ኢምፕሎዪ ለሚምታታባችሁ

ፎርም ላይ ኢምፕሎየር የሚለው ጋር የራሳችሁን ስም የምትጽፉ ካላችሁ (እኔም ጽፌ አውቃለሁ 😅) መጨረሻውን ብቻ እዩ። በኢ እና አር ካለቀ አድራጊው ነው፣ ማለትም ቀጣሪው፣ ሁለት ኢ ተደርድረው ካለቀ ግን የሚደረግለት ሰው ነው ማለትም ተቀጣሪው፣ እናንተ። በኛም እኮ ያው ነው፣ ቀጣሪ ላይ "ተ" ስትጨምሩ ተቀጣሪ ይሆናል፣ እኛ ከፊት እነሱ ከኋላ ይቀጥላሉ እንጂ። ትሬይነር አሰልጣኝ ትሬይኒ ሰልጣኝ፣ ኢንተርቪወር ጠያቂው ኢንተርቪዊ የሚጠየቀው፣ ቼክ ላይ ደግሞ ፔዪ ማለት ብሩ የሚከፈለው ሰው ነው። አሜሪካ ያላችሁ ደብልዩ ቱ (የዓመቱን ደሞዝና የተቆረጠ ታክስ የሚያሳየው ፎርም) ሲመጣላችሁ ኢምፕሎዪ የሚለው ጋር ያለው የናንተ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ነው፣ ኢምፕሎየር የሚለው የድርጅቱ መለያ፣ ስህተት ካለው ቶሎ አሳርሙት።

ሁሌ ግን አይሰራም፣ አቴንዲ ሲባል ስብሰባው ላይ የተገኘው ሰው ራሱ ነው፣ ኮሚቲ ደግሞ ጭራሽ ሰው ሳይሆን ቡድን ነው። ስታፍም እንደዛው፣ ሰራተኞቹን በሙሉ ነው የሚለው፣ ስለ አንድ ሰው ስታወሩ ስታፍ ሜምበር በሉ።