የጣሪያ ሰያፍ ማሰሪያ ብረት ሲረግብ፦ ችግርና መፍትሄ

ሸኖ፣ ደብረ ብርሃን ወይም ጣርማበር ላይ ጣሪያ ለመጠገን ስጠራ የሚጠብቀኝ ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ብየዳው እንዳልተሰነጠቀና ብሎኑ እንዳልላላ አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ችግር፦ በካፕሪያታዎቹ (ጣሪያውን በሚሸከሙት ባለ ሦስት ማዕዘን የብረት ክፈፎች) መካከል በአግድም የተዘረጋው ሰያፍ አንግል ብረት (እንደ L የታጠፈ ብረት) ሆዱ ወርዷል፤ ነፋስ ሲነሳ ይወዛወዛል።

ምክንያት፦ ብረቱ ሲገዛ የታየው ዋጋው እንጂ የሚሸፍነው ርዝመት አይደለም። 40 በ40፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ አንግል ጫፍና ጫፉ ብቻ ተይዞ 6 ሜትር ከተዘረጋ፣ በገዛ ክብደቱ ብቻ መሃሉ ወደ 4.5 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ሸኖ ላይ አንድ አዛውንት የእህል ነጋዴ «ልጄ፣ ቀጭን ነው ብለውኝ በ5 ሚሊ አስቀይሬዋለሁ» አሉኝ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ክር ወጥረን ለካን፤ እርግበቱ ያው ነው። ውፍረት ሲጨመር ግትርነቱ ያድጋል፣ ክብደቱም እኩል ያድጋል፤ አንዱ ሌላውን ይበላዋል። «ጋሼ፣ መወፈር ሳይሆን መስፋት ነበረበት» አልኳቸው። ዝም ብለው ክሩን ሲያዩ ቆዩ። ያንን ብረት የሸጠላቸው ሰው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም።

መፍትሄ፦ ቅርፁን ቀይሩ። 50 በ50፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ የሆነ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) በዚያው 6 ሜትር ላይ ከ2 ሳንቲ ሜትር በታች ነው የሚረግበው። በሜትር 4.4 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ በሜትር 2.4 ኪሎ ከሆነው አንግል ይከብዳል፤ ይወደዳልም። አቅም ከሌለ አንግሉ ይቆይ፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለቱ ሰያፎች እንደ X የሚሻገሩበትን ነጥብ በእንጨት ደግፋችሁ ከክሩ ጋር አስተካክሉና በአጭር ጠፍጣፋ ብረት ከላይኛው ፐርሊን (ቆርቆሮው ከሚመታበት አግዳሚ) ጋር እሰሩት። ርዝመቱ በግማሽ ሲያጥር እርግበቱ ወደ አንድ አስራ ስድስተኛ ይወርዳል፤ 3 ሚሊ እንኳ አይሞላም።

ተጠንቀቁ፦ የአንድ ክፍልን ሁለቱን ሰያፎች በአንድ ጊዜ አትቁረጡ። ጣርማበር ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታ ጭራሽ አትጀምሩ። ቱቦላሬውን ሳትለኩ አትቀበሉ፤ «3 ሚሊ» ተብሎ መጥቶ በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) 2.2 የሆነ አይቻለሁ። ስትለኩም በመጋዝ የተቆረጠው ጠርዝ ላይ የቀረውን ሹል ትርፍ ብረት ጠርጋችሁ ይሁን።

ችግር፦ ሰያፉ አንድ ብቻ ነው፤ ከነፋስ በኋላ ወደ ጎን ጎብጧል።

ነፋስ ዛሬ ይስበዋል፣ ነገ ይገፋዋል። አንግል ደግሞ ደካማ ጎኑ በክንፎቹ አቅጣጫ ሳይሆን በሰያፍ ነው፤ የ40ው ትንሹ የጋይሬሽን ራዲየስ (ብረቱ ሲገፋ መጉበጥን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚያሳይ የቅርፁ ልክ) 7.7 ሚሊ ነው። 6 ሜትርን ለዚህ ብታካፍሉ 780 ገደማ ይመጣል፤ ለሚገፋ ብረት የተለመደው ወሰን ግን 200 ነው። ወይ ሁለት ሰያፍ አሻግራችሁ ሁለቱም በመሳብ ብቻ እንዲሠሩ አድርጉ፣ ወይ 80 በ80 በ3 ቱቦላሬ አስገቡ፤ እርሱ 190 ላይ ይቆማል።

ችግር፦ ሰያፉ ክብ ብረት ነው፤ በማጥበቂያው ቢወጠርም ተመልሶ ይረግባል።

ደጋግማችሁ አትወጥሩት። ደብረ ብርሃን አንድ የዶሮ ቤት ውስጥ ጠባቂው በየሳምንቱ ሲያጠብቀው ከርሞ የካፕሪያታውን የታችኛ ብረት አጣሞት አገኘሁት። በየሁለት ሜትሩ ከፐርሊን ላይ አንጠልጥሉትና ማጥበቂያውን በእጅ ብቻ አጥብቁ።

ቱቦላሬው ከጫፉ የዛገ ውሃ ካንጠባጠበ አፉ ሳይደፈን ቀርቷል፤ የውስጡን ውሃ አስወጡና በላሜራ ዙሪያውን በይዳችሁ ድፈኑት።