ስሊፕ ብቻውን አይበቃም፦ ፕሮግራም ውስጥ ስራን በሰዓቱ ማስነሳት

ኮዳችሁ ውስጥ የሆነ ነገር ከ10 ሰከንድ በኋላ፣ ወይ በየደቂቃው፣ ወይ ደሞ በየሳምንቱ ሰኞ እንዲነሳ ፈለጋችሁ እንበል። የአብዛኛው ሰው እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ስሊፕ (ፕሮግራሙን ለተወሰነ ጊዜ የሚያስተኛው ትዕዛዝ) ነው፣ ሉፕ ይከፍታል፣ ስራውን ይሰራል፣ ስሊፕ፣ ከዛ እንደገና። ለአጭር ስክሪፕት በቂ ነው፣ አታካብዱት። ግን ፕሮግራሙ ለሳምንታት የማይዘጋ ከሆነ ወይ በሰዓት የሚነሱ ሶስት አራት ስራዎች አንድ ላይ ካሉት ነገሩ መበላሸት የሚጀምረው እዛው ስሊፕ ላይ ነው።

ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ። የምትፈልጉት "ከዚህን ያህል ጊዜ በኋላ" ነው ወይስ "በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት"? አንድ ይመስላሉ ግን የሚለኩት በተለያየ ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አለ። አንዱ ስክሪኑ ላይ የምናየው ቀንና ሰዓት ነው፣ እሱን ሰው በእጁ ሊቀይረው ይችላል፣ ኤንቲፒም (ሰዓቱን በራሱ የሚያስተካክለው ስርዓት) ከኔትወርክ እያስተያየ ወደፊት ወይ ወደኋላ ሊያዘልለው ይችላል። ሌላው ሞኖቶኒክ የሚሉት ነው፣ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ አያውቅም፣ ዝም ብሎ ይቆጥራል፣ ወደኋላ ግን በፍጹም አይመለስም። ታይምአውት (የመጠበቂያ ገደብ)፣ ሪትራይ (እንደገና መሞከር)፣ "ከ30 ሰከንድ በኋላ" የሚባል ነገር ሁሉ በሞኖቶኒክ ነው መለካት ያለበት። ፓይተን ላይ ከ3.3 ጀምሮ ታይም ሞዱል ውስጥ ሞኖቶኒክ የሚባል ፈንክሽን አለ፣ ጃቫ ላይ ናኖታይም፣ ብራውዘር ላይ ፐርፎርማንስ ናው። "ሰኞ ጠዋት" የሚል ከሆነ ደሞ የቀን ሰዓቱን ነው የምትጠቀሙት። ይቺን ካልለያችሁ ከታች ያለው ሁሉ አይረዳችሁም።

እሺ፣ በየ1 ሰከንዱ የሚነሳ ስራ አላችሁ። ስራው ራሱ 50 ሚሊሰከንድ ከወሰደና ከዛ 1 ሰከንድ ስሊፕ ካደረጋችሁ አንዱ ዙር 1.05 ሰከንድ ሆነ ማለት ነው፣ በ1 ሰዓት ውስጥ 3600 ጊዜ መነሳት የነበረበት 3428 ጊዜ አካባቢ ብቻ ይነሳል። መፍትሄው ቀላል ነው፣ "ቀጣይ" የሚል ቫሪያብል ያዙ፣ በየዙሩ እሱ ላይ 1 ሰከንድ ደምሩበት (አሁን ባለው ሰዓት ላይ አይደለም፣ በራሱ በቀጣይ ላይ)፣ ከዛ ስሊፕ የምታደርጉት ከቀጣይ ላይ አሁንን ቀንሳችሁ የቀረውን ነው። ውጤቱ ኔጌቲቭ ከመጣ ወደኋላ ቀርታችኋል ማለት ነው፣ ያኔ ያመለጡትን ዙሮች ደራርባችሁ ትሰሯቸዋላችሁ ወይስ ዘላችሁ ወደሚቀጥለው ትሄዳላችሁ? እንደ ስራው ነው፣ ሴንሰር ማንበብ ከሆነ ዝለሉት፣ የሚቆጠር ሂሳብ ከሆነ ግን መዝለል አይቻልም። ጃቫ ውስጥ ለዚህ ሁለት የተለያዩ ሜተዶች አሉ፣ ፊክስድ ሬት እና ፊክስድ ዲሌይ፣ የመጀመሪያው ሰሌዳውን ይጠብቃል፣ ሁለተኛው ስራው ካለቀ በኋላ ነው መቁጠር የሚጀምረው። እግረ መንገዴን፣ እነዚህ ላይ ስራው ኤክሴፕሽን (ስህተት) ከወረወረና ካልያዛችሁት ቀጣዮቹ ዙሮች ሁሉ ጸጥ ብለው ይቀራሉ፣ ስለዚ ሁሌም ትራይ ካች ውስጥ ክተቱት።

ስራዎቹ ሲበዙ ለእያንዳንዱ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የፕሮግራም መስመር) አትክፈቱ፣ ፕራዮሪቲ ኪው (ቅድሚያ ያለውን ቀድሞ የሚያወጣ ወረፋ) ተጠቀሙ። ሂፕ (ኪውው የሚሰራበት፣ ትንሹን ሁሌ አናት ላይ የሚያደርግ የዳታ አደራደር) ውስጥ የሚነሳበትን ሰዓትና ፈንክሽኑን አንድ ላይ ታስገባላችሁ፣ አናት ላይ ያለው ሁሌ በጣም የቀረበው ነው፣ አንድ ትሬድ እሱን አይቶ እስኪደርስ ይጠብቃል፣ ሲደርስ አውጥቶ ያስነሳዋል፣ ተደጋጋሚ ከሆነ አዲስ ሰዓት ሰጥቶ መልሶ ያስገባዋል። በቃ ይሄ ነው። ግን ሶስት የሚያስቸግሩ ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ ትሬዱ ለ1 ሰዓት ተኝቶ እያለ ከ5 ሰከንድ በኋላ የሚነሳ ስራ ቢገባስ? በስሊፕ ከተኛ አይሰማም፣ ስለዚ ታይምአውት ባለው ኮንዲሽን ቫሪያብል (ሌላ ትሬድ መሃል ላይ ሊቀሰቅሰው የሚችል መጠበቂያ) ነው መጠበቅ ያለበት፣ አዲስ ስራ ሲገባ ኖቲፋይ አድርጋችሁ ትቀሰቅሱታላችሁ። ሁለተኛው ካንስል ማድረግ ነው፣ ሂፕ መሃል ላይ ያለን ነገር ፈልጎ ማውጣት አድካሚ ነው፣ ተሰርዟል የሚል ምልክት አድርጉበትና ተራው ደርሶ ሲወጣ ዝለሉት። ሶስተኛው ፓይተን የምትጽፉትን ይመለከታል፣ ሁለት ስራዎች እኩል ሰዓት ካላቸው ሂፕኪው (የፓይተን የሂፕ ሞዱል) ቀጥሎ ያለውን ማለትም ፈንክሽኖቹን ለማወዳደር ይሞክርና ታይፕኤረር ይወረውራል፣ መሃላቸው የሚጨምር ተራ ቁጥር አስገቡ። ይሄን ሁሉ መጻፍ ከሰለቻችሁ ፓይተን ውስጥ ስኬድ የሚባል ሞዱል አለ፣ ሃሳቡ ያው ነው።

ጃቫስክሪፕት ላይ ኪውውን ራሱ ይይዝላችኋል፣ ሰትታይምአውት ብቻ ነው የምትጠሩት። ግን የሰጣችሁት ቁጥር ቢያንስ እንጂ ልክ በዚህ ሰዓት ማለት አይደለም፣ ኢቨንት ሉፑ (ስራዎቹን ተራ በተራ የሚያስኬደው) ሌላ ከባድ ስራ ላይ ከሆነ ታይመሩ ይጠብቃል፣ ታቡ ከጀርባ ከሆነ ደሞ ብራውዘሩ ሆን ብሎ ያዘገየዋል። ትልቁ ቁጥር 2147483647 ሚሊሰከንድ ነው፣ ወደ 24.8 ቀን። 30 ቀን ብላችሁ ብትሰጡት ከ30 ቀን በኋላ ሳይሆን ወዲያው ነው የሚነሳው! ለረጅም ጊዜ የሚነሳበትን ቀን አስቀምጡና በየሰዓቱ ደርሷል ወይ እያላችሁ እዩ።

አሁን ወደ ቀንና ሰዓት እንሂድ። የሆነ ነገር የተፈጠረበትን ሰዓት ስትመዘግቡ ዩቲሲ (የትም አገር አንድ የሆነው የዓለም መለኪያ ሰዓት) ተጠቀሙ፣ እዚ ላይ ክርክር የለም። ለወደፊት ቀጠሮ ግን ዩቲሲ ብቻ አይበቃም፣ ሰውየው የመረጠውን ሰዓትና የሰዓት ዞኑን ስም አብራችሁ ያዙ፣ ምክንያቱም ያ አገር የሰዓት ህጉን እስከዛ ሊቀይር ይችላል። በዓመት ሁለቴ ሰዓት ወደፊትና ወደኋላ በሚገፋባቸው ቦታዎች "ነገ በዚሁ ሰዓት" ማለት 86400 ሰከንድ መደመር አይደለም። የበርሊን ዞን ላይ ማርች መጨረሻ በ24 ሰዓት አቆጣጠር 02:30 የሚባል ሰዓት የሌለበት ቀን አለ፣ ኦክቶበር መጨረሻ ደሞ 02:30 ሁለቴ የሚመጣበት። ሰርቨሩን ዩቲሲ ላይ ማድረግ ብዙ ራስ ምታት ይቀንሳል።

ፕሮግራሙ ሁሌ ክፍት መሆን ከሌለበት ደሞ ለክሮን (ሊኑክስን በመሰሉ ሲስተሞች ላይ ትዕዛዞችን በሰዓታቸው የሚያስነሳ ፕሮግራም) ስጡት። አምስት ቦታ ነው ያለው፣ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወሩ ቀን፣ ወር፣ የሳምንቱ ቀን፣ ስለዚ 30 2 * * 1 ማለት ሁሌ ሰኞ 02:30 ነው። 0 9 13 * 5 ስትሉ ግን ብዙ ሰው 13ኛው ቀን አርብ ሲውል ብቻ ይመስለዋል፣ አይደለም፣ በየወሩ 13ኛው ቀንም በየአርቡም ይነሳል። ተርሚናል ላይ የሰራ ትዕዛዝ ክሮን ላይ እምቢ ካለ መጀመሪያ ፓዙን (ትዕዛዞች የሚፈለጉባቸውን ፎልደሮች ዝርዝር) ጠርጥሩ፣ ክሮን ያለው በጣም አጭር ፓዝ ነው፣ ሙሉ አድራሻ ጻፉ። የፐርሰንት ምልክትም ባክስላሽ ካላስቀደማችሁበት እንደ አዲስ መስመር ይቆጥረዋል። ያለፈው ዙር ሳያልቅ አዲሱ እንዳይደርብበት ደሞ በኤፍሎክ (ፋይል ላይ ቁልፍ የሚያደርግ የሊኑክስ ትዕዛዝ) ቆልፉት።

ክሮን ማሽኑ ጠፍቶ እያለ ያለፈውን ተመልሶ አይሰራም፣ ሲስተምዲ ታይመር (ሊኑክስ ላይ ያለ ሌላ የሰዓት ማስነሻ) ላይ ግን ፐርዚስተንት የሚለውን ካበራችሁ ያመለጠውን ማሽኑ ሲነሳ ይሰራዋል። የራሳችሁ ኪውም ሚሞሪ ውስጥ ብቻ ከሆነ ፕሮግራሙ ሪስታርት ሲያደርግ ሁሉም ይጠፋል፣ የማይጠፋ ነገር ከሆነ ዳታቤዝ ላይ አስቀምጡና ሲነሳ ሰዓታቸው ያለፈውን መጀመሪያ ፈልጎ ያውጣ። ስራው ተሰርቶ "ተሰርቷል" ብሎ ሳይመዘግብ ፕሮግራሙ ሊሞት ስለሚችል አንድ ስራ ሁለቴ ቢነሳ ጉዳት እንዳያመጣ አድርጋችሁ ጻፉት።

ቴስት ላይ በእውነተኛ ሰዓት አትጠብቁ። "አሁን ስንት ነው" የሚለውን ፈንክሽን ከውጪ የሚሰጥ አድርጉትና ቴስቱ ላይ የውሸት ሰዓት ስጡት፣ የ30 ቀኑን በአንድ መስመር ወደፊት ትገፉትና የትኛው እንደተነሳ ታያላችሁ፣ የማርቹን 02:30 ጭምር።