በቼዝ በጥቁር ሲጫወቱ መሐሉን ለቅቆ መልሶ ማፍረስ

ነጭ የሰሌዳውን መሐል በወታደሮች ሲሞላው፣ ጥቁር የያዘ ተጫዋች ብዙውን ጊዜ ይደነግጣል። የቼዝ ሊቃውንቱ ኒምዞቪችና ሬቲ በ1920ዎቹ ያራመዱት ሃይፐርሞደርን አስተሳሰብ ግን መሐሉን ከሩቅ በፈረስና በቢሾፕ (በሰያፍ በሚሄደው ጠጠር) እየተቆጣጠሩ ቆይቶ ማፍረስ እንደሚቻል ያሳያል። አጨዋወቱን ለመልመድ፣ የ17 ዓመቱ ቦቢ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1960 በላይፕዚግ የቼዝ ኦሊምፒያድ የቺሊውን ሬኔ ሌተሊየርን ኪንግስ ኢንዲያን መከላከያ በተባለው የጥቁር አከፋፈት የረታበትን ጨዋታ በሰሌዳ ላይ እየደገሙ ይከተሉ።

በመጀመሪያ ፈረሱን ወደ ኤፍ6 (ፊደሉ የሰሌዳውን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ያመለክታል)፣ ወታደሩን ወደ ጂ6፣ ቢሾፑን ወደ ጂ7 ያውጡና ካስሊንግ ያድርጉ፤ ማለትም ንጉሡንና ሩኩን (ግንቡን) በአንድ እርምጃ አዛውረው ንጉሡን ይሸሽጉ። ሌተሊየር በ5ኛው እርምጃ ወታደሩን ወደ ኢ5 ገፍቶ ፈረሱን ሲያባርር፣ ፊሸር ወደ ኢ8 መለሰው፤ ማፈግፈጉ ቢያስከፋም ይህን ፈረስ አይርሱት። ነጭ ኤፍ4 ሲጨምር አራት ወታደሮቹ ተሰለፉ፤ ንጉሡ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም፣ የወጣለትም አንድ ፈረስ ብቻ ነበር።

ዋናው ነገር የመምቻው ሰዓት ነው። ፊሸር በ6ኛው እርምጃ ዲ6፣ በ7ኛው ደግሞ ሲ5 ተጫወተ። አንድ ወታደር ቢያጣም አልቆጨውም፤ እንደ እኔ ግምት ጀማሪዎች በዚህ መከላከያ የሚሸነፉት ይህችን ወታደር ስለሚሳሱላት፣ ነጭም ካስሊንግ እስኪያደርግ ስለሚጠብቁት ነው። መስመሮቹ ሲከፈቱ በ14ኛው እርምጃ የጥቁር ወታደር ወደ ኢ4 ገፋ፣ በ17ኛው የተባረረው ፈረስ ወደ ኤፍ6 ተመለሰ፣ ሁለቱም ሩኮች በኢ መስመር ላይ ተደረደሩ።

መጨረሻውን ቀስ ብለው ይመልከቱት። ፊሸር በኢ3 ላይ ሁለቱን ሩኮች ለአንድ ቢሾፕና ለአንድ ሩክ ለውጦ የነጭን ንጉሥ ወደዚያው ካወጣው በኋላ፣ በ23ኛው እርምጃ ንግሥቲቱ የኤፍ4ን ወታደር በልታ ቼክ አለች (ንጉሡን አጠቃች)። ንጉሡ ቢበላት ቢሾፑ ወደ ኤች6 ወጥቶ ማት ነው (ንጉሡ ማምለጫ ያጣል)፦ ቢሾፑ ጂ5ንና ኢ3ን፣ የሲ6 ፈረስ ኢ5ን፣ ያ የተባረረው ፈረስ ደግሞ ኢ4ንና ጂ4ን ይዘጋሉ፤ ኤፍ3ንና ጂ3ን የያዙት የነጭ የራሱ ቢሾፕና ፈረስ ናቸው። ሌተሊየር ንግሥቲቱን ሳይነካ እጅ ሰጠ።