ኢን-ስቴት ለመክፈል ዓመቱ የሚቆጠረው በወረቀት ነው

በዲቪም ይሁን በቤተሰብ ፕሮሰስ አሜሪካ የገባችሁ፣ እናንተ ወይም ልጃችሁ ኮሌጅ ለመግባት ካሰባችሁ፣ ይህን ጉዳይ ሥራ ከመፈለግ እኩል ያዙት። ግሪን ካርድ ስላላችሁ ብቻ ኮሌጁ ኢን-ስቴት የሚባለውን፣ ማለትም ለስቴቱ ነዋሪ የሚቀነሰውን ዋጋ አያስከፍላችሁም። ግሪን ካርዱን የሰጣችሁ የፌዴራል መንግሥቱ ነው። የመንግሥት ኮሌጆቹ ደግሞ የየስቴቱ ናቸው፣ ስቴቱም ዋጋ የሚቀንሰው ለራሱ ነዋሪ ነው። ስለዚህ የሚያጣራው ሁለት ነገር ነው፦ እዚህ ኖራችኋል ወይ? ለመቅረትስ አስባችኋል ወይ?

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ፣ የስቴቱ ነዋሪ በዓመት ወደ 12 ሺህ ዶላር ሲከፍል ከሌላ ስቴት የመጣው ወደ 40 ሺህ ወይም ከዚያ በላይ ይከፍላል። ክፍሉም አስተማሪውም ያው ነው። አራት ዓመት ሲሆን ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ማለት ነው።

የሚጠየቀው ጊዜ በብዙ ስቴት አንድ ዓመት ነው። ቨርጂኒያ ትምህርት ከሚጀመርበት ቀን በፊት ያለውን ሙሉ ዓመት ትቆጥራለች። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲዎች 12 ተከታታይ ወር ይላሉ። ካሊፎርኒያ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ነው። የሜሪላንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች (የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጆች) ግን ሦስት ወር ይበቃቸዋል፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያላችሁ ሞንትጎመሪ ኮሌጅን በዚህ ዓይን እዩት። እዚያ ዋጋው ሦስት ዓይነት ነው፦ ለካውንቲው ነዋሪ፣ ለሌላ የሜሪላንድ ነዋሪ፣ ከሜሪላንድ ውጭ ለመጣ። ስለዚህ የትኛው ካውንቲ ቤት እንደምትከራዩ ራሱ ገንዘብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። አብዛኞቻችን ስንመጣ የምናርፈው ዘመድ ቤት ነው። ኪራዩ በዘመድ ስም ነው፣ መብራቱ በዘመድ ስም ነው፣ ስልኩም በእሱ ፋሚሊ ፕላን ውስጥ ነው። አንድ ሰው ስምንት ወር እንዲህ ይኖርና ኮሌጁ "ከመቼ ጀምሮ እዚህ እንደኖርክ አሳየኝ" ሲለው የሚያሳየው ነገር የለውም። ሰውየው በእርግጥ ኖሯል፣ ግን የሚያየው ቢሮ የሚያምነው ወረቀትን ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት የባንክ አካውንት በራሳችሁ ስም ክፈቱ፣ ደብዳቤውም የምትኖሩበት አድራሻ ይምጣ። ዘመዳችሁ የሚከራይ ከሆነ አከራዩ በኪራይ ውሉ ላይ ስማችሁን እንደ ነዋሪ እንዲያስገባ ይጠይቅላችሁ፤ ቤቱ የራሱ ከሆነ ከመቼ ጀምሮ አብራችሁት እንደምትኖሩ ጽፎ ኖተሪ (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው) ዘንድ ያስረጋግጥላችሁ። ዘመድን በወረቀት ማስቸገር ይሉኝታ እንደሚያሲዝ አውቃለሁ። ግን ጋሼም እትዬም ይህን ቢረዱ ደስ ብሏቸው ያደርጉታል፣ በግልጽ ንገሯቸው።

መንጃ ፈቃድ ወይም የስቴት መታወቂያ ቶሎ አውጡ። ከሌላ ስቴት የተዛወራችሁ ከሆነ ደግሞ የድሮውን ይዛችሁ አትቆዩ። ከሚኒሶታ ወይም ከዳላስ ለሥራ ወደ ቨርጂኒያ መጥተው ላይሰንሱንም የመኪናውንም ታርጋ የድሮውን ስቴት ይዘው የሚኖሩ ብዙ ናቸው። ቨርጂኒያ ላይሰንሱን በ60 ቀን፣ መኪናውን በ30 ቀን ውስጥ እንድትቀይሩ ትጠይቃለች። ካልቀየራችሁ ኮሌጁ ልባችሁ ገና እዚያኛው ስቴት ነው ብሎ ይገምታል።

እዚህ ላይ በጣም የምፈራው አንድ ነገር አለ። ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድና መታወቂያ የሚሰጠው ቢሮ) ስትሄዱ "ለመራጭነት መመዝገብ ትፈልጋለህ?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። የኮሌጁ የሬዚደንሲ (የነዋሪነት) ቅጽ ላይም የመራጭ ምዝገባ እንደ አንድ ማስረጃ ተጠቅሶ ታዩታላችሁ። ዜጋ ካልሆናችሁ በጭራሽ እንዳትመዘገቡ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ዜጋ ነኝ ብሎ ከፈረመ ዜግነት ሊከለከል፣ ከአገርም ሊባረር ይችላል። እንግሊዝኛው ካልገባችሁ ዝም ብላችሁ አዎ አትበሉ፣ የሚያስረዳችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ለሬዚደንሲ ያ ወረቀት የግድ አይደለም፣ ሌላው ማስረጃ ይበቃል።

ከሁሉም ወረቀት ክብደት ያለው ታክስ ነው። የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ አሌክሳንድሪያ እየኖሩ ዲሲ ፓርኪንግ ወይም ሆቴል መሥራት የተለመደ ነው። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በስምምነት የደመወዝ ታክስን የሚወስዱት በምትኖሩበት ነው እንጂ በምትሠሩበት አይደለም። አሠሪው ግን ይህን የሚያውቀው እናንተ ቅጹን በትክክል ከሞላችሁ ነው። ቨርጂኒያ የምትኖሩ ቪኤ-4፣ ሜሪላንድ የምትኖሩ ኤምደብሊው-507 የሚባለውን ሙሉ። የደመወዝ ወረቀታችሁን ዛሬ አውጥታችሁ እዩት፦ የሚቆረጠው ለየትኛው ስቴት ነው? አድራሻውስ የት ነው? ልክ ካልሆነ አሁኑኑ አስተካክሉ። በዓመቱ መጨረሻም በምትኖሩበት ስቴት ፋይል አድርጉ፣ ቅጂውን አትጣሉ።

ሌላው ወጣቶችን የሚጥለው ነገር ዕድሜ ነው። ቨርጂኒያ ከ24 ዓመት በታች የሆነ ተማሪ በወላጆቹ እንደሚረዳ ትገምታለች፣ ነዋሪነቱንም ከወላጆቹ ጋር ታያይዘዋለች። ወላጆች እዚሁ ቨርጂኒያ ከሆኑ ጥሩ፣ የእነሱ ታክስና የኪራይ ውል ለልጃቸው ይሠራል። ግን በ20 ዓመቷ ብቻዋን ዲቪ ደርሷት የመጣች፣ እናትና አባቷ አዲስ አበባ ያሉ ልጅስ? ያገባች ወይም የራሷ ልጅ ያላት ካልሆነች፣ ራሷን እንደምትችል በጠንካራ ማስረጃ ማሳየት አለባት፦ የራሷ ደመወዝ፣ የራሷ ኪራይ፣ የራሷ ታክስ። አጎቷ በታክሱ ላይ ዲፔንደንት (በእሱ የምትረዳ ጥገኛ) አድርጎ አስገብቷት ከሆነ ያ ማስረጃ ይፈርሳል። አጎት ጥቂት ዶላር ያገኝ ይሆናል፣ እሷ ግን በሺዎች ልትከፍል ትችላለች። ከታክስ ወቅት በፊት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ።

ዓመቱ እስኪሞላ በአውት-ኦፍ-ስቴት (ነዋሪ ላልሆነ በሚጠየቀው) ዋጋ ሙሉ ጊዜ ትምህርት መጀመርን እኔ አልመክርም። ዋጋው ብቻ አይደለም ምክንያቱ። ኮሌጁ ወደ ስቴቱ የመጣችሁት ለትምህርት ብቻ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል፣ ያኔ ዓመት ቢሞላም ጥያቄው አያልቅም። ይልቅ ሥሩ፣ እንግሊዝኛችሁን አጠናክሩ፣ የኢትዮጵያ ትራንስክሪፕታችሁን አስገምግሙ፣ ይህም ጊዜ ይወስዳል። በሬፊውጂነት የገባችሁ ግን መጀመሪያ ስለ ራሳችሁ ሕግ ጠይቁ፤ ቨርጂኒያ በቅርብ ዓመት በሬፊውጂነት ገብቶ መጀመሪያ እዚያው ለሰፈረ ሰው ዓመቱን ሳታስጠብቅ ኢን-ስቴት ትፈቅዳለች። ዲሲ የምትኖሩ ወጣቶች ደግሞ ዲሲ ታግ የሚባለውን ጠይቁ፤ በሌላ ስቴት የመንግሥት ኮሌጅ ስትማሩ የዋጋውን ልዩነት የሚያግዝ ገንዘብ ነው፣ የዕድሜና የገቢ ገደብ አለው። በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ የመጣችሁ ግን በተለመደው መንገድ ቨርጂኒያ ላይ ነዋሪ መሆን አትችሉም።

ፋፍሳ የሚባለውን የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ መሙላት ከዚህ የተለየ ነገር ነው። እሱ የፌዴራል እርዳታ ነው፣ ግሪን ካርድ ላለው ወዲያውኑ ይከፈታል፣ ዓመት አይጠብቅም። ፋፍሳ ሞልቻለሁ ብላችሁ የሬዚደንሲውን ቅጽ እንዳትተዉት።

ቅጹን ትምህርት ከመጀመሩ በፊት አስገቡ። ሴሚስተሩ ከጀመረ በኋላ ብታሟሉ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ለሚቀጥለው ነው፣ የከፈላችሁት አይመለስም። "አውት-ኦፍ-ስቴት" የሚል መልስ ከመጣ ደግሞ በቃ ብላችሁ አትቀመጡ። ይግባኝ አለ፣ ግን የቀን ገደቡ አጭር ነው። ደብዳቤው ላይ ምክንያቱ የትኛው እንደሆነ አንብቡ፣ ለዚያው ምክንያት የሚሆነውን ወረቀት ጨምሩ፣ በጽሑፍ መልሱ፣ ያስገባችሁበትንም ማስረጃ ያዙ።