ቃለ ተውኔት ስታጠኑ ዜማውን አትሸምድዱ

ትወና ላይ ላላችሁ፣ በተለይ ለጀማሪዎች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቃለ ተውኔት፣ ማለትም መድረክ ላይ የምትናገሩትን ቃል፣ ስታጠኑ አነጋገሩን (የድምፁን ዜማ) አብራችሁ አትሸምድዱ። መስታወት ፊት ቆማችሁ «ለምን መጣህ?» የሚለውን በቁጣ ደጋግማችሁ ካላችሁት፣ መድረክ ላይም በዚያው ቁጣ ይወጣል። አብሯችሁ የሚተውነው ሰው ግን ያን ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዓይኑን ሰበር አድርጎ ሊናገር ይችላል። እናንተ ለእሱ ሳይሆን ለመስታወቱ መለሳችሁ ማለት ነው። ተመልካች ደግሞ ይህን ወዲያው ይነቃበታል።

ስለዚህ ቃሉን ደረቁን አጥኑት። ያለ ስሜት፣ በፍጥነት፣ ዕቃ እያጠባችሁ ወይም ልብስ እያጣጠፋችሁ። እጃችሁ ሥራ ይዞ ቃሉ ሳይደናቀፍ ከወጣ፣ በቃ ገብቷችኋል። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አንዴ ከልሱት፤ እንቅልፍ ትውስታን ያጸናል።

ከዚያ በእያንዳንዱ ንግግር ጎን ገጸ ባሕርዩ የሚያደርገውን በእርሳስ ጻፉ፦ «ይለምናል»፣ «ያስፈራራል»፣ «ይሸሻል»። «አዝኗል» ብላችሁ አትጻፉ። ሐዘንን መጫወት ይከብዳል፤ ልመናን ግን መጫወት ይቻላል። ሩሲያዊው ተዋናይና የቴአትር አዘጋጅ ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪም (እ.ኤ.አ. 1863–1938) ተዋናዮቹን ገጸ ባሕርዩ ምን እንደሚፈልግ እንዲጠይቁ ያስተምር ነበር።

ዝነኛ ከሆናችሁ በኋላ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋችኋል። ሰው የወደደላችሁን አነጋገር ደጋግማችሁ እንድታመጡ ጭብጨባው ይገፋፋችኋል። አዲስ ጽሑፍ ሲደርሳችሁ፣ በመጀመሪያዎቹ ልምምዶች ያን የታወቃችሁበትን አነጋገር ጨርሶ ተዉት። ባዶ እጅ የቀራችሁ ይመስላችኋል፤ ታገሡት። አዘጋጁ ከፈለገው ራሱ ይጠይቃችኋል።