ከጎጃም የሚነሣ ተዋናይ ለሥልጠናና ለሥራ ከተማ እንዴት ይምረጥ?

በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በሞጣ፣ በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያና በወጣት ማዕከል የኪነት ቡድን ውስጥ ትወና የጀመረ ሰው በሙያው ለመሠልጠንና እንጀራውን ለማግኘት ሲያስብ፣ ዓይኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ ላይ ነው። ምርጫውን በከተማው ዝና ከማድረግ ይልቅ ሁለት ጥያቄዎችን አስቀድሞ መመለስ ይበጃል፦ በመጀመሪያው ዓመት ስንት ጊዜ በተመልካች ፊት እቆማለሁ? ከትወና ምንም ሳላገኝስ ስንት ወር መኖር እችላለሁ? ርቀቱ ራሱ ብዙ አይወስንም፤ ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300፣ ከባሕር ዳር ደግሞ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለችና። የመንገዱን ሰላም ግን ከመነሣትዎ በፊት መጠየቅ አይቀርም።

በመድረክ ብዛት አዲስ አበባን የሚስተካከል ከተማ የለም። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር የሚገኙት እዚያው ነው። ይሁን እንጂ የመንግሥት ቴአትር ቤቶች ቋሚ ተዋንያን ደመወዝተኞች ስለሆኑ ቦታው የሚገኘው ክፍት የሥራ መደብ ሲወጣ ብቻ ነው፤ አዲስ ገቢ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ለአንድ ተውኔት በውል ተይዞ፣ ያውም በትንሽ ሚና ነው። ተከታታይ ድራማ፣ ፊልምና የንግድ ማስታወቂያ የሚሠሩ ድርጅቶችም በአብዛኛው የተሰበሰቡት በዚህችው ከተማ ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ በድምፅ ብቻ የሚተወንበት ሥራ ታውቋል፤ ጥርት ያለ ንባብ ላለው ሰው ይህ ሊናቅ የማይገባ በር ነው።

በዲግሪ ደረጃ መማር ለሚሻ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የቴአትር ጥበባት ትምህርት ቤት ቀዳሚው አማራጭ ነው። ትምህርት ቤቱ የተሰየመው በደብረ ኤልያሱ የቅኔ ሰው በዮፍታሔ ንጉሤ ስለሆነ፣ የጎጃም ተማሪ ወደዚያ ሲሄድ ፈጽሞ ወደ ባዕድ ቤት አይገባም። ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ሆኗልና የዓመቱን የመግቢያ መስፈርት ከጓደኛ ወሬ ሳይሆን ከሬጅስትራሩ ይጠይቁ። የግል ማሠልጠኛ የሚመርጡ ከሆነም ከመክፈልዎ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ተቀምጠው ለማየት ይለምኑ፤ አሠልጣኙ በምን ሥራ እንደሚታወቅ፣ ተማሪው ከሰዓቱ ምን ያህሉን ቆሞ እየተወነ እንደሚያሳልፍ፣ ሥልጠናው ሲያበቃም ለሕዝብ የሚታይ ዝግጅት መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ። በግድግዳ የሚሰቀለውን የምሥክር ወረቀት በኦዲሽን (በተዋናይ መምረጫ ፈተና) ላይ ብዙም የሚጠይቅ የለም።

የአዲስ አበባ ፈተናዋ ኑሮዋ ነው። ልምምድ የቀኑን እኩሌታ ይወስዳል፤ ቀረጻ ደግሞ ማታ ተነግሮ ንጋት ላይ ይጀመራል። ስለዚህ ሰዓቱ የማይላወስ ሥራ የያዘ ሰው ኪራዩን ቢከፍልም ሚናውን ያጣል፤ ጨርሶ ሥራ የሌለው ደግሞ ያገኘውን ሁሉ እሺ ለማለት ይገደዳል። አጎት ወይም አክስት ዘንድ የሚያርፉ ከሆነ የሚቆዩበትን ጊዜና ማታ የሚያመሹበትን ምክንያት ገና ሲገቡ ይንገሯቸው፤ ዘመድን የሚያስቀይመው ማምሸቱ ሳይሆን ሳይነገረው መቅረቱ ነው። «ሚና አሰጥዎታለሁ» ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅን ሰው ይራቁ። ኦዲሽኑ በቢሮ ወይም በአዳራሽ ካልሆነ፣ በተለይ ሴት እጩዎች፣ ሰው አስከትሎ መሄድ ወይም መተው ተገቢ ነው።

ባሕር ዳር ለጀማሪ ያላት ጥቅም ሌላ ነው። ሙሉዓለም የባህል ማዕከልና የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ዋና መሥሪያ ቤት በከተማዋ ይገኛሉ፤ ተፎካካሪው ጥቂት ስለሆነም አዲስ ተዋናይ ረዘም ያለ ሚና ቶሎ ሊደርሰው ይችላል። በአንጻሩ የፊልምና የማስታወቂያ ሥራ ጥቂት ነው፤ ከሚገኘውም ብዙው በበዓላትና በስብሰባዎች ላይ የሚቀርብ፣ መሥሪያ ቤቶች የሚያዝዙት የመልእክት ድራማ ነው። ያንን ዓይነት ድራማ ብቻ ለዓመታት የሠራ ተዋናይ ሁሉንም ገጸ ባሕርይ በአንድ የምክር ድምፅ መናገር ይለምድበታል፤ እኔ ስለ ባሕር ዳር የምሠጋው ይኸን ነው።

የአነጋገር ነገርም አለ። ከገጠር የመጣ ተዋናይ የጎጃም ቅላጼውን እንዲተው በየቦታው ይመከራል፤ ምክሩ ግን ግማሽ እውነት ነው። የከተማውን አነጋገር አጥርቶ መቻል ግድ ነው፤ ሆኖም የገጠር ወይም የቀድሞ ዘመን ታሪክ ሲሠራ የባላገሩን ንግግር ያለ ሹፈት የሚያቀርብ ሰው ይፈለጋል። በሁለቱም አነጋገር አጫጭር ንባቦችን በስልክዎ ቀርጸው የሥራ ናሙና አድርገው ይያዙ።

በእኔ አስተያየት ዩኒቨርሲቲው የተቀበለው ሰው በቀጥታ አዲስ አበባ ይግባ፤ ሌላው ግን አንድ ዓመት ያህል በባሕር ዳር መድረክ ላይ ቢያሳልፍ ይሻለዋል። ጓዝ ከመጠቅለልዎ በፊትም ለጥቂት ቀናት ወደ አዲስ አበባ ሄደው ትርኢቶችን ይመልከቱ፤ ትርኢቱ ሲያበቃ በውል የሚሠሩትን ተዋንያን ስለ ክፍያቸው በትሕትና ይጠይቁ፤ በደባልነት የሚከራይ ክፍል ዋጋም ከቴአትር ቤቶቹ አንድ ታክሲ በሚያደርስባቸው ሰፈሮች ያጣሩ። የመነሻውን ቀን መቁረጥ ያለብዎ እነዚህን ሁለት ሒሳቦች ጎን ለጎን አድርገው ካዩ በኋላ ነው።